ቅዳሴው ሲያልቅ ገበያው ይሞቃል

ሰንበቴ ገበያ የሚቆመው እሑድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል የምትገኘው ይህች የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ዝናዋን ያገኘችው በዚሁ ገበያ ነው። አፋሩ ግመልና ፍየል እየነዳ ከቆላው ይመጣል፤ አማራው እህሉን በአህያ ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፤ ኦሮሞውና አርጎባው ከዙሪያው ቀበሌዎች ይሰበሰባል። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ ተረኛው የባቲ ገበያ ነው። የገበያ ዙር እንዲህ ተያይዞ የኖረ ስለሆነ አንዱን ቀን ነቅሎ ወደ ሌላ ማዛወር በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም።

ሰንበቴ የምትገኝበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው። የጋራ ጸሎቱ ዓርብ ስለሆነ የእሑድ ገበያ ከእምነቱ ጋር አያጋጨውም። በመካከሉ ለሚኖረው ክርስቲያን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሌሊት ተነሥቶ ያስቀደሰ ምእመን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ገበያው መሙላት ጀምሯል። ቅቤዋን ወይም በርበሬዋን ይዛ ያልወጣች እናት ቀጣዩ ገበያ እስኪደርስ ሳምንት ትጠብቃለች። ፍትሐ ነገሥት ደግሞ ለሰንበትና ለበዓላት ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶ ሥራ እንዲቀር ያዛል። ታዲያ ይህች ሴት ምን ታድርግ? ኃጢአት ሠራሽ እንበላት? ወይስ ዝም ብለን እንለፋት?

እስካሁን በአብዛኛው የመረጥነው ዝም ብሎ ማለፍን ነው። ዝምታው ደግሞ ከሰንበቴ ገበያ የሰፋ ነገር ያሳያል። ነገረ መለኮታችን ጥልቅ ነው፤ ኑሯችንም የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው። እኔ የምለው ደግሞ መገናኛው ቦታ ጠፍቶ አያውቅም ነው። ቦታው በየአጥቢያው ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከመቅደሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሟል። እርሱም ከተማዋ ስሟን የምትጋራው የእሑድ ማዕድ ማኅበር፣ ሰንበቴ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን የአካባቢውን ታሪክ ማየት ይገባል። ሰንበቴ ሁለት ታላላቅ የሃይማኖት ጉባኤያት በተካሄዱባቸው ቦታዎች መካከል ያለች ከተማ ናት። በደቡብ በኩል፣ በተጉለት፣ በ1450 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጓል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ለረጅም ጊዜ ከተገፉ በኋላ፣ ጉባኤው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ከጉባኤው ባልተናነሰ የሚመስጠኝ ንጉሡ የጨመረው ነው፤ ካህናቱ ሰንበትን ማክበር ብቻ ሳይሆን በሰንበት የተሰበሰበውን ሕዝብ እንዲያስተምሩ አዘዘ። ዘርዐ ያዕቆብ ጨካኝ ቅጣት የሚያዝ ንጉሥ ነበር፤ ያን መካድ አይቻልም። ሆኖም ዕለቱን ማክበር ያለ ትምህርት ባዶ እንደሚቀር ገብቶት ነበር።

በሰሜን በኩል፣ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የቆየውን ክርክር አስፈረዱ። የተዋሕዶው ወገን ረታ፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም የወሎ ንጉሥ ሆኑ። ሼህ ጦልሃን የመሰሉ ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙው ሰው ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

እነዚህን ሁለት ጉባኤያት ጎን ለጎን ማስቀመጤ ያለ ምክንያት አይደለም። በቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱ የተከራከሩበት ጉዳይ ከባድና የተከበረ ነበር። ሆኖም ወደ ወሎ ገጠር የወረደው ትምህርቱ ሳይሆን ትእዛዙ ነው። ቃል ሥጋ ሆነ የሚለው ምሥጢር፣ ማለትም እግዚአብሔር ሰውን በኃይል ሳይሆን ሰው ሆኖ እንደቀረበው የሚናገረው ትምህርት፣ ለገበሬው የደረሰው በአዋጅ ነበር። የጉባኤው ሃሳብና የአፈጻጸሙ መንገድ እርስ በርስ ተጣሉ። ዛሬም በወሎ ምድር ስለ ወንጌል የሚናገር ሰው ይህን ሸክም ተሸክሞ እንደሚናገር ቢያውቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሰንበቴው እንግባ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ማኅበርተኛው በቅጥሩ ውስጥ ወዳለው ሰንበቴ ቤት ያመራል። ተረኛው ቤተሰብ የጋገረውን ድፎ ዳቦና የጠመቀውን ጠላ ይዞ ቀድሞ ደርሷል። አባወራው ነጠላውን አደግድጎ ቆሟል፤ ባለቤቱ ዋንጫውን ታለቀልቃለች። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን በመስቀላቸው ባርከው ያስቆርሳሉ። ቁራሹ ሙሴ ከሚባለው የማኅበሩ መሪ ጀምሮ በር አጠገብ እስከተቀመጠው ልጅ ድረስ ይዞራል። ሀብታሙም ድሃውም የሚደርሰው ያው አንድ ቁራሽ ነው። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። እገሌ ለምን ቀረ? ታሞ ከሆነ ጠያቂ ይላካል። የተቀያየሙ ካሉ ሽማግሌዎቹ ሳይውል ሳያድር ያስታርቃሉ። ተራውን ያላወጣ ይቀጣል፤ ያላወጣው ስላጣ ከሆነ ግን የሚያውቁት ሰዎች ዝም ብለው ይሸፍኑለታል።

ይህ ሁሉ የነገረ መለኮት ሥራ ነው። ችግሩ እንደዚያ ብሎ የሚጠራው ሰው አለመኖሩ ነው። ማኅበርተኛውን ለምን አብራችሁ ትበላላችሁ ብለው ቢጠይቁት “አባቶቻችን ያቆዩልን ነው” ይላል። ትክክል ነው፤ አባቶች ናቸው ያቆዩት። አባቶቹ ራሳቸው ግን ምክንያት ነበራቸው። የሐዋርያት ሥራ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እንጀራ እየቆረሱ በአንድነት ይመገቡ እንደነበር ይመሰክራል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት 11ኛው ምዕራፍ ላይ የተቆጣው ከዚሁ ማዕድ የተነሣ ነበር። ሀብታሞቹ ቀድመው መጥተው ሲበሉና ሲጠጡ፣ ዘግይቶ የደረሰው ድሃ ይራብ ነበር። ሐዋርያው ይህን እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አላየውም። የጌታን ሥጋ አለመለየት ነው ያለው። ስለ ቅዱስ ቁርባን ከጻፋቸው ሁሉ እጅግ አስፈሪው ቃል የተጻፈው አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ ስለታየበት ማዕድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ልጨምር። በአብዛኞቹ አጥቢያዎች ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት ሕፃናት፣ አረጋውያንና በቁርባን የተጋቡ ጥቂቶች ናቸው። በጉርምስናና በጎልማሳነት ዕድሜ ያለው ብዙው ሕዝብ አስቀድሶ፣ ሰግዶ፣ ተባርኮ፣ ሳይቆርብ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ራሱን የማይገባው አድርጎ ይቆጥራል። ይህ ትሕትና ነው፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለእንዲህ ያለው ሰው በእሑድ ጠዋት ከሌሎች ጋር አብሮ የሚቆርሰው እንጀራ የሰንበቴው ዳቦ ብቻ ነው። የሰንበቴ ዳቦ ቅዱስ ቁርባን አይደለም፤ ቁርባኑንም አይተካም። ነገር ግን አንድ እንጀራ፣ አንድ አካል የሚለውን ትምህርት ብዙው ምእመን በእጁ የሚዳስሰው እዚያ ነው። ያ ማዕድ ምን እንደሆነ ካልተማረ፣ የሚያስቀድሰው ቅዳሴም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሊያረጅ ይችላል።

አለመማሩ የት ላይ እንደሚታይ ለማወቅ የሰንበቴ ቤቱን በር ማየት ይበቃል። በብዙ ሰንበቴዎች ነዳያን ውጭ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ማኅበርተኛው ሲጠግብ የተረፈው ይወጣላቸዋል። ዳቦ አልነፈግናቸውም፤ የነፈግናቸው ቦታ ነው። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚለምነው የአብነት ተማሪም ነገ ቀዳሽ የሚሆን ልጅ ሳለ ዛሬ ድርሻው ትርፍራፊ ነው። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ ሰንበቴ ወደ ድግስ ውድድር አድልቷል። እገሌ ሁለት ዓይነት መጠጥ አቀረበ ሲባል ቀጣዩ ተረኛ ሦስት ያስባል። አቅም ያጣ ሰው አፍሮ ከማኅበሩ ይወጣል፤ ከማኅበሩ ከወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቅዳሴውም ይርቃል። ቆሮንቶስ ላይ የተወገዘው ይኸው ነበር።

በ14ቱ ቅዳሴያት መካከል በዮሐንስ አፈወርቅና በባስልዮስ ስም የሚጠሩ ሁለት አሉ። ቅዳሴያቸውን እንቀድሳለን፤ ኑሯቸውን ግን ያን ያህል አንተርክም። ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ ለድሆች፣ ለስደተኞችና ለለምጻሞች መጠለያና ሕክምና ያለው ትልቅ ተቋም አቋቁሟል። በረሃብ ዘመን እህል ያከማቹ ሀብታሞችን ፊት ለፊት ገሥጿል። ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ስብከቱ፣ ክርስቶስን በመቅደስ ውስጥ በሐር ልብስ እያከበሩ ደጅ ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ችላ ማለት ማክበር እንዳልሆነ አስተምሯል። ሁለቱም ቅዳሴውንና የድሃውን ደጅ የአንድ አገልግሎት ሁለት ክፍሎች አድርገው ነበር የያዙት። በ1975 (እ.ኤ.አ.) በአርመን ኤጭሚያዚን በተደረገ ምክክር ላይ የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ከቅዳሴ በኋላ የሚቀጥል ቅዳሴ አለ ብለው ሲናገሩ፣ አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ የአፈወርቅን ትምህርት ነው የደገሙት። በሐሳቡ የሚታወቁት የግሪኩ ሊቅ፣ በኋላ የአልባኒያ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት አናስታስዮስ ናቸው። እኛ ዘንድ ለዚህ ሐሳብ የሚሆነው ቤት ተሠርቶ፣ ዳቦውም ተጋግሮ ይጠብቃል።

ይህ የኦርቶዶክሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1972 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። በወቅቱ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ስብከት ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት መክፈል አይቻልም፣ ሥጋውና ነፍሱ አብረው ይፈወሳሉ የሚል ነበር። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም የተቋቋመው በዚያው በ1972 (እ.ኤ.አ.) ነው። ኮሚሽኑ ውኃ ቆፍሯል፤ ስደተኛ ተቀብሏል፤ በድርቅ ዘመን እህል አድርሷል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የተራድኦ ሥራ በቢሮ ሲደራጅ የአጥቢያው ምእመን ልግስናን የኮሚሽን ሥራ አድርጎ የመቁጠር አዝማሚያ ያድርበታል። በወንጌላውያኑም በኩል የቤት ለቤት ኅብረት ጎረቤትን ለመርዳት ያለው አቅም ትልቅ ሆኖ ሳለ፣ ብልጽግናን የእምነት መለኪያ ያደረገ ስብከት ድሃውን በድህነቱ ላይ ጥፋተኛ እያደረገው ነው። በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ ይህ ስብከት ወንጌሉን ይገለብጠዋል።

ወደ ገበያው ስንወርድ ጥያቄው ይበልጥ ይጠራል። ነቢዩ አሞጽ በመጽሐፉ 8ኛ ምዕራፍ ላይ ሰንበትንና ሚዛንን በአንድ ዓረፍተ ነገር አገናኝቷቸዋል። ሰንበት መቼ አልፎ እህላችንን በሸጥን፣ መስፈሪያውን አሳንሰን ሚዛኑን በሸነገልን የሚሉ ነጋዴዎችን ነው የወቀሰው። እነዚያ ሰዎች ሰንበትን አክብረዋል። ሱቃቸውን ዘግተዋል። ልባቸው ግን ቁናውን እየቀነሰ ነበር። ለነቢዩ የሰንበት መፈተኛ የሰንበት ማግስት ገበያ ነው።

በእህል ተራ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ሻጯ ጤፉን በጣሳ ትሰፍራለች። ጣሳውን ነቅንቃ ሞልታ፣ ጫፉን በእጇ ሾጠጥ አድርጋ ልታፈስ ትችላለች፤ ወይም በመዳፏ ጠርጋ ልክ ከአፉ ላይ ልታቆመው ትችላለች። ገዢዋ “መርቂልኝ እንጂ” ስትላት አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ያ እፍኝ በሕግ አይገደድም፤ ሻጯን የሚጠይቃትም የለም። የጣሳው ታች የተጎዘጎዘ ከሆነ፣ ጤፉ ከአሸዋ የተቀላቀለ ከሆነ፣ ቅቤው ውስጥ ሌላ ነገር ካለ ግን ጠዋት የተቀደሰው ቅዳሴ ተፈትኖ ወድቋል። ለገበያ የሚወጣውን ሰው ሰንበት ሻርክ ብሎ ከመውቀስ በፊት፣ ጣሳህ ስንት ይይዛል ብሎ መጠየቅ የነቢዩ መንገድ ነው።

ይህን መጠየቅ የሚችል ሰው ደግሞ አለን። የንስሐ አባት ወደ ቤት የሚገባ፣ ጠበል የሚረጭ፣ የልጆቹን ስም የሚያውቅ፣ የባልና የሚስትን ጠብ የሚሰማ አገልጋይ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣንና ቅርበት ያለው ሌላ አገልጋይ ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄው በጾምና በስግደት ዙሪያ ይቀራል። ረቡዕና ዓርብን ጾምሽ ወይ? ይጠየቃል። ለሠራተኛሽ ደመወዟን በጊዜው ሰጠሽ ወይ? አይጠየቅም። ለምእመን የተወሰነው ጾም በዓመት 180 ቀን ያህል ይደርሳል፤ ያን ያህል ቀን ከሥጋና ከወተት የሚታቀብ ሕዝብ ራሱን መግዛት የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ይህን ጉልበት አራጣን፣ የመሬት ክርክርንና የሐሰት ምስክርነትን ለመተው እንዲያውለው የሚያስተምረው ካገኘ ትልቅ ነገር ይሆናል። በጾም የተረፈው ምሳ የማን እንደሆነም አባቶች አስተምረዋል፤ የድሃው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጎረቤት ጉዳይ ነው። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. ከሰንበቴ ብዙ በማትርቀው በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፤ ቤቶች ነደዋል፤ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴንም አልፎ ወርዷል። ጉዳቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማራውም ኦሮሞውም ቀብሯል። ከዚያ በኋላ በአንድ ገበያ ተገናኝቶ ዋጋ መቆራረጥ ራሱ ቀላል አይደለም። ሰው ከአንድ ነጋዴ ወደ ሌላው የሚያልፈው በዋጋ ብቻ ሳይሆን በስምም ጭምር ነው።

ወሎ ለዚህ የራሱ ብልሃት ነበረው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱ እንዳይቀር ለእርሱ የሚሆነውን በግ ራሱ ሙስሊሙ እንዲያርደው ያደርጋል፤ ሙስሊሙም በተራው እንዲሁ። ለቡና ይጠራራሉ፤ ሲለቀስ አብረው ያለቅሳሉ። ይህ ልማድ እንደ መቻቻል ብቻ ሲወደስ እሰማለሁ። ለክርስቲያኑ ግን ከመቻቻል በላይ ነው። ክርስቶስ ባልንጀራዬ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው በሳምራዊው ታሪክ ነው፤ ሳምራዊ ለአይሁድ የሌላ ወገን፣ የሌላ አምልኮ ሰው ነበር። የማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍም መባውን ወደ መሠዊያ ያቀረበ ሰው፣ ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ካስታወሰ መባውን ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ ያዛል። በቅዳሴያችን ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ሁላችንም አጠገባችን ላለው እጅ እንነሣለን። አጠገባችን ያለው ደግሞ በአብዛኛው የማንጣላው ሰው ነው። ትእዛዙ ከቅጥሩ ውጭ፣ በ2013 ጠባሳ ወዳለባቸው መንደሮች ይዘልቃል ብሎ የሚያስተምር ስብከት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። ከሰንበቴው ጠላ በፊት ሩብ ሰዓት ለትምህርት ይሰጥ። የዕለቱ ወንጌል ከሳምንቱ ጉዳይ ጋር ይነበብ፤ ማን ታመመ፣ ማን ተፈናቀለ፣ ከማን ጋር ተቀያይመናል፣ ገበያችን እንዴት ዋለ። ነዳያኑ ከበር ወደ ማዕዱ ይግቡ። የድግሱ መጠን በማኅበሩ ሕግ ይወሰን፤ ድሃውም ተራውን ሳያፍር ያውጣ። ይህን የሚመራ መምህር ደግሞ ከነገረ መለኮት ኮሌጅም ሆነ ከትርጓሜ ቤት ይምጣ፣ የሰንበቴን ገበያ የሚያውቅ ይሁን። አንድምታውን ያወቀ ሰው አንድ እሑድ በእህል ተራ ቆሞ ቢውል ለአሞጽ ትርጓሜው የሚጨምረው ምሳሌ አያጣም።

ቋንቋውም አማርኛ ብቻ እንዳይሆን። በዞኑ ኦሮምኛ የሚናገሩ ክርስቲያኖች አሉ፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በኦሮምኛ ይማራሉ፤ ስብከቱን በሌላ ቋንቋ ሰምተው ይመለሳሉ። በኦነሲሞስ ነሲብና በአስቴር ጋኖ ድካም መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ የወጣው በ1899 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ለነገረ መለኮት አይበቃም የሚል ምክንያት ማቅረብ የሚቻል አይመስለኝም። ለጅሌ ጥሙጋ፣ ለከሚሴና ለባቲ አጥቢያዎች ሁለቱን ቋንቋዎች አሳምሮ የሚናገር ሰባኪና የንስሐ አባት መመደብ የሀገረ ስብከቱ ሥራ ነው፤ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ሊጀመርም ይችላል።